ግማሿ እርምጃ

በኩንግ ፉ ትምህርት ቤታችን ግድግዳ ላይ አባቴ ነብር የገደለ ጀግና ነው ተብሎ ተጽፏል። በእንጨት ተቀርጾ፣ በወርቅ ቀለም ተቀብቶ። ያሠሩት ተማሪዎቼ ናቸው፤ እኔን ሳይጠይቁ። ጠይቀውኝ ቢሆን ኖሮ ነብሩ ራሱ አባቴ እንደነበር እነግራቸው ነበር። ግን ማን አሮጊት ይጠይቃል? እኔ ወለምታ አሻለሁ፣ የተሰበረ ክንድ እጠግናለሁ፤ ታሪኩን የሚጽፉት ሌሎች ናቸው።

ስለዚህ ለእናንተ ላውጋችሁ። ለእነሱ አልነግርም። ለምን እንደማልነግራቸው ስጨርስ ይገባችኋል።

ስምንት ዓመቴ ነበር። ጦርነቱ በጓንጁ ወንዞች ይዞሩ የነበሩትን ቀያዮቹን የቴአትር ጀልባዎች ጨርሷቸው፣ የቴአትር ቡድኖች በሰው ጀልባ እየተጫኑ ከደሴት ደሴት የሚዞሩበት ጊዜ ነው። እናቴን አላውቃትም። የማውቀው አባቴን ሴክ ቶንግንና የልብስ ሳጥኖቹን ነው፤ የምተኛውም ከሳጥኖቹ በአንዱ ላይ ነበር። የአባቴ ሥራ መሞት ነው። ቀልዴን አይደለም። ሦስት ጠረጴዛ ተደራርቦ ይቆማል፣ አባቴ ጫፉ ላይ ይወጣል፣ ዋናው ተዋናይ ሎክ ረጃጅም ላባውን ራሱ ላይ ሰክቶ በጦር ይወጋዋል፣ አባቴም ወደ ኋላ ተገልብጦ ይወርዳል። ጦሩ የምር ጦር ነበር፤ የእኛ አገር ተመልካች የእንጨት ጦር ካየ ወንበሩን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የአባቴ ጀርባ ወለሉን ሲመታ ሕዝቡ ያብዳል። ጭብጨባው ግን ለሎክ ነው።

እንግዲህ አባቴ በቀን ሁለት ጊዜ ሲሞት እያየሁ አደግሁ። ብዙም አላስከፋኝም፤ ምክንያቱም ሌሎች የማያውቁትን አንድ ነገር አውቅ ነበር። ማለቴ፣ የማውቅ ይመስለኝ ነበር።

በየማለዳው፣ ሌላው ሁሉ እያንኮራፋ ሳለ፣ የልብስ ኃላፊዋ እትዬ ፉን ከሳጥኖቹ ጀርባ ተንበርክካ የአባቴን ቀኝ እግር ትጠቀልላለች። መጀመሪያ እንደ ሬንጅ የሚያጣብቅ፣ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ጥቁር መድኃኒት ትለጥፋለች። ከዚያ ረጅም ነጭ ጨርቅ ከጭኑ ጀምራ ወደ ታች ትጠመጥማለች። ጨርቁን በሳበችው ቁጥር አባቴ ጥርሱን ይነክሳል።

«በጣም ጠበቀ?»

«አጥብቂው። ይኼ ወቅት እስኪያልፍ ብቻ ይያዝልኝ።»

«አለቃ ቢያይብህስ?»

«ማንም ማየት የለበትም። ከታየ አለቀልን።»

«አንተ ሞኝ» ትለዋለች፤ ድምፅዋ ግን የስድብ ድምፅ አልነበረም።

እኔ ብርድ ልብሴ ውስጥ ሆኜ ይህን ስሰማ በኩራት ልፈነዳ እደርሳለሁ። ገብቶኛላ! ሽማግሌው ከበሮ መቺ ስንት ጊዜ አውርቶልኛል፦ በድሮ ጊዜ ንጉሥ የሚያሳድዳቸው የኩንግ ፉ ጌቶች የሚሸሸጉት በቀያዮቹ ጀልባዎች ላይ ነበር፤ ፊታቸውን ቀብተው ሲዘፍኑ ውለው፣ ማንም ሳያይ እርስ በርሳቸው ይማማሩ ነበር። አባቴም በልጅነቱ ያደገው በቀይ ጀልባ ላይ ነው። ታዲያ ምን ቀረ? ጨርቁ የኃይሉ ማሰሪያ ነው። ኃይሉን አስሮ ስለያዘው ነው ለሎክ የሚሸነፍለት። አንድ ቀን ጨርቁ የተፈታ ዕለት ሎክን አያድርገኝ!

ጅማቱ ተበጥሶ እንደነበር ያወቅሁት ከሃያ ዓመት በኋላ፣ እኔው ራሴ የሰው ጉልበት መጠገን ስማር ነው።

በዚያ ዓመት የመጨረሻ ጉዟችን ለባሕር እመቤት በዓል ወደ አንዲት የዓሣ አጥማጆች ደሴት ነበር። አምስት ቀን ቴአትር፤ በአምስተኛው ቀን ደግሞ አለቃ ሲዩ ለሚመጣው ዓመት የሚቆዩትን ስም ይጠራል። ስሙ ያልተጠራ ሳጥኑን ይዞ ይወርዳል። አለቃ ሲዩ ወፍራም፣ ፈገግታ የማያልቅበት ሰው ነበር፤ ሲያሰናብት እንኳ ይስቃል። እትዬ ፉን ጨርቁን ስትጠቀልል «አምስት ቀን ብቻ ነው፤ አምስት ቀን ጥርስህን ንከስ» ስትለው ሰምቻለሁ።

ችግሩ መድረኩ አዲስ ቦታ ላይ መተከሉ ነው። የቀርከሃው ዳስ አምና የቆመበት ሜዳ ላይ ትምህርት ቤት ተሠርቶበት፣ ዘንድሮ ቴአትር አይቶ የማያውቅ መሬት ላይ ተተክሏል። በእንዲህ ያለ መሬት ላይ ከሁሉ በፊት ነጩ ነብር የሚባለው ክፉ መንፈስ መታሰር አለበት። አንዱ ነብር ይሆናል፣ አንዱ ጥቁር ፊት የተቀባ አምላክ ይሆናል፤ አምላኩ ነብሩን ቀጥቅጦ፣ በሰንሰለት አስሮ ያወጣዋል። ነብሩ እስኪወጣ ድረስ አንድ ሰው አንዲት ቃል መተንፈስ የለበትም፤ ተዋናይም ቢሆን፣ ተመልካችም ቢሆን። ቀድሞ የተናገረ የነብሩ ነው። ነብር የሚሆነውም ሰው ክፉ ዕድል አያጣውም ስለሚባል ማንም እሺ አይልም።

«ነብሩን የሚወስድልኝን ሰው፣ ስም ስጠራ አስታውሰዋለሁ» አለ አለቃ ሲዩ እየሳቀ።

«እኔ እወስደዋለሁ» አለ አባቴ። እትዬ ፉን መቀሷን አስቀመጠችና ረጅም ሰዓት ጣቷን ስታይ ቆየች። ጣቷን የወጋችው መስሎኝ ነበር።

ያን ዕለት ጠዋት ከኪት ጋር ተዋወቅሁ። የፊት ጥርሷ የወለቀ፣ የደረቀ ዓሣ እያኘከች የምትዞር እኩያዬ ናት። አጎቷ መምህር ሃው በደሴቲቱ ኩንግ ፉ የሚያስተምር፣ አጥንትም የሚጠግን ሰው ነው።

«አባትሽ የቱ ነው?»

«ከሦስት ጠረጴዛ ላይ የሚወርደው።»

«እ! የሚሞተው!» ሳቀችብኝ። «አምና አይቼዋለሁ። አሥር ጊዜ ሞተ። አጎቴ የቴአትር ኩንግ ፉ የአበባ ኩንግ ፉ ነው ይላል። ለዓይን ያምራል፣ ዝንብ አይገድልም።»

«አባቴ አጎትሽን በአንድ እጁ ያነሳዋል!»

«እስቲ ያንሳዋ!»

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ስለ ጨርቁ ነገርኳት። ጥቁሩን መድኃኒት፣ የታሰረውን ኃይል፣ አንድም አላስቀረሁም። «ለማንም እንዳትናገሪ» አልኳት። «በባሕር እመቤት!» አለች። ማለችና፣ ዓሣዋን ጥላ ወደ አጎቷ ቤት በረረች።

ከሰዓት በኋላ ዳሱ ሞላ። ሕፃን ያዘሉ እናቶች እንዲወጡ ተደረገ። እትዬ ፉን በጨው የደረቀ ፕሪም አፌ ውስጥ ከታ «እሱን ምጠጪ፤ አፍሽ ሥራ ይያዝ» አለችኝ። ከዚያ አለቃ ሲዩ እጁን አነሳ፤ ያን ሁሉ ሕዝብ ዝም አሰኘው። የባሕሩ ድምፅ ብቻ ቀረ። እኔ ከመጋረጃው ጥግ ሆኜ አያለሁ። መድረኩ ላይ ጥሬ የአሳማ ሥጋ ተሰቅሏል። ከበሮው ጀመረ። ነብሩ በአራት እግሩ እየተሳበ ወጣ፣ ሥጋውን ዘነጠለ፣ ወደ ሕዝቡ አገሳ። አባቴ! ፊቴ በኩራት ጋለ።

ጥቁር ፊት ቀብቶ የወጣው አምላክ ሎክ ነበር፤ ሌላ ማን ሊሆን? በብረት አለንጋው መታው። ነብሩ ወደቀ፣ ተነሳ። መታው፣ ወደቀ፣ ተነሳ። በሦስተኛው ወደቀና ቀረ። በሁለት እግሩ ቀጥ ብሎ መነሳት ነበረበት፤ እኔ እንኳ ሥርዓቱን በቃሌ አውቀዋለሁ። ከበሮ መቺው ያንኑ ምት ደገመው። ደግሞ ደገመው። ነብሩ በአንድ እጁ ቀኝ እግሩን ጨብጦ ይንቀጠቀጣል። ሎክ ከላዩ ቆሞ አለንጋውን አንስቷል። ከፊት ወንበር ላይ መምህር ሃው ክንዱን አጣምሮ ያያል፤ ኪት አጠገቡ ናት።

እና ጮህኩ።

«አባዬ! ጨርቁን ፍታው! አሁን ፍታው!»

ፕሪሟ ከአፌ ወጥታ መድረኩ ላይ ተንከባለለች። ከበሮው ቆመ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም። ነብሩ ራሱን አዞረ፤ በተከፈተው አፉ ውስጥ የአባቴን ዓይኖች አየኋቸው። ኃይሉን ሊፈታ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ምንም አላደረገም። ሎክ ሰንሰለቱን አንገቱ ላይ ጣለና እየጎተተ አወጣው።

ከመድረኩ ጀርባ ሁሉም ተሰብስቧል። የመጀመሪያውን ቃል የተናገረው አለቃ ሲዩ ነበር፤ እየሳቀ።

«የምን ጨርቅ ነው?»

መልስ ሳይጠብቅ ጎንበስ ብሎ የነብሩን ቆዳ ቀደደው። ነጩ ጨርቅ ታየ፤ ጥቁሩ መድኃኒት ሸተተ፤ ጉልበቱ የልጅ ጭንቅላት አክሏል። አለቃ ሲዩ ጥቂት አየውና መልሶ በቆዳው ሸፈነው። ከዚያ ተነሥቶ፣ ውጭ ያለው ሕዝብ እንዲሰማ ጮክ ብሎ ተናገረ።

«ዝምታው ተሰብሯል! ነብሩ ሴክ ቶንግንና ልጁን ይዟል። እነዚህ ሰዎች ከእንግዲህ ጀልባችን ላይ አይሳፈሩም!»

ስለ ጉልበቱ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። እኔም አልገረመኝም፤ ነብሩ መሆኑ ግልጽ ነበር። አባቴን የጣለው ነብሩ ነው፣ ነብሩን የፈታሁት እኔ ነኝ። ይህን ድንጋይ ተሸክሜ ትልቅ ሰው ሆንኩ። በመድረክ ላይ የተጎዳ ሰው እስኪድን ድረስ ከቡድኑ ድስት ይበላል የሚል፣ ከቀያዮቹ ጀልባዎች ጊዜ የወረደ ደንብ እንዳለ የሰማሁት በኋላ ነው። ነብር የያዘውን ሰው ግን ደንቡ አይመለከተውም። ያ ነብር ለአለቃ ሲዩ ያደረገለትን ውለታ ሳስብ፣ ለአንድ ሙዳ ሥጋ ብቻ መልፋቱ ያሳዝነኛል።

በአምስተኛው ቀን ጀልባዋ ሄደች። እትዬ ፉን ከኋላ በኩል ቆማ ታየናለች፤ እጇን እንኳ አላነሳችም። እኛ የመረብ ማስቀመጫ ጎጆ ውስጥ ቀረን። ጣሪያው ያፈሳል፣ ሁሉ ነገር ዓሣ ዓሣ ይሸታል። እኔ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ላልናገር ምዬ አፌን ዘጋሁ።

«ሱት፣ አንድ ነገር በዪ እንጂ» ይለኛል አባቴ እግሩን ዘርግቶ። «የሩዝ ሾርባው ቀጠነ በዪ። ስደቢኝ።»

በማግስቱም ዝም። በሦስተኛው ቀን አቅፎኝ ምን እንደያዘኝ አጥብቆ ሲጠይቀኝ «ነብሩ ይበላናል» ብዬ ፈነዳሁ።

«ነብሩ እኮ እኔ ነበርኩ፣ አንቺ ሞኝ» አለኝ። «እኔ ልጄን እበላለሁ?»

ያን ዕለት አልቅሼ አልጠግብ አልኩ። እሱም አለቀሰ፤ እያለቀሰም «ጣሪያው ነው፣ ጣሪያው ነው» ይላል።

በበነጋው መምህር ሃው መጣ። ስድስት ደቀ መዛሙርት አስከትሎ፣ ሦስት ሰው የሚያክል ረጅም ዘንግ አስይዞ። ኪት ነግራዋለች፤ በአንድ እጅ መነሳቱን ሊያጣራ መጥቷል! በሩ ላይ ቆምኩና የአባቴን ጫማ በሁለት እጄ ይዤ ጮህኩ።

«አባቴ ታሟል! ጨርቁ ተፈቷል፣ ኃይሉም ፈሷል! ሌላ ቀን ይምጡ!»

ደቀ መዛሙርቱ ሳቅ አፈናቸው። መምህር ሃው ዞር ብሎ ሲያያቸው ስድስቱም ባሕሩን መመልከት ጀመሩ። እሱ ግን ለእኔ አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ በጎኔ አልፎ ገባ። መሬት ላይ ተቀመጠ፣ አውራ ጣቱን የአባቴ ጉልበት ላይ አሳረፈ፣ ከላይ ጫን፣ ከታች ጫን አደረገ። የኃይሉን መጠን እየለካ መሰለኝ።

«በቀይ ጀልባ ላይ ነው ያደጉት ይባላል። እውነት ነው?»

አባቴን «እርስዎ» ሲለው የሰማሁት የመጀመሪያ ሰው ነው።

«እውነት ነው።»

«እንግዲያው ጉዳይ አለኝ። የእኛ የረጅም ዘንግ ትምህርት የመጣው ከቀይ ጀልባ ነው። የአስተማሪዬ አስተማሪ ከአንድ የጀልባ ምግብ አብሳይ ነው የተማረው። አብሳዩ መጨረሻውን ሳያስተምር ሞተ። ስንት ዓመት ሙሉ ዘንጋችን መሐል መንገድ ላይ ይቆማል። የማዶ መንደር ሰዎች ጅራተ ቆራጣ ይሉናል።» አውራ ጣቱን ከጉልበቱ ላይ አነሳ። «እርስዎ መጨረሻውን ያውቁታል?»

አባቴ ጣሪያውን አየ። ባዶውን ድስት አየ። ጫማ ይዤ የቆምኩትን እኔን አየ።

«አውቀዋለሁ» አለ።

እንዴት አያውቀውም! እኔማ ድሮም አውቅ ነበር።

የመምህር ሃው ጓሮ ውስጥ አንድ ክፍል ተሰጠን። እሱ በየቀኑ ጉልበቱን ያሽለታል፤ አባቴ ደግሞ ዘንጉን ተደግፎ ያስተምራል። ዘንጉን ወደፊት ይወጋል፣ ያዞራል፣ ያነሳል፤ ከዚያ መጨረሻው ላይ ቀኝ እግሩን ሳያጥፍ መሬት ለመሬት ስቦ፣ ግማሽ እርምጃ ብቻ ይራመድና ይቆማል። ስድስቱም ዓይናቸውን ተክለው ያያሉ፣ ስድስቱም እግራቸውን ይስባሉ። አንድ ቀን አንደኛው ደፍሮ ጠየቀ።

«መምህር፣ ለምን ሙሉ እርምጃ አልሆነም?»

አባቴ እግሩን አየ። ላብ ግንባሩ ላይ ሲወጣ አየሁ።

«ጀልባው ጠባብ ነበር» አለ።

«አሃ!» አሉ ሁሉም። ከሁሉም በላይ ራሱን የነቀነቀው መምህር ሃው ነበር።

በሰባተኛው ወር እትዬ ፉን የራሷን ሳጥን ተሸክማ ከመርከብ ወረደች። «ልብሳቸውን ራሳቸው ይስፉ» አለች እንጂ ሌላ ምንም አላለችም። ያን ጊዜም የመጣችው ለጨርቁ መስሎኝ ነበር። በቀጣዩ ዓመት እንጀራ እናቴ ሆነች፤ ከእሷ የተሻለ እናት አልመኝም። አባቴም ከዚያች ደሴት ሳይወጣ አረጀ። ኋላ መምህር ሃው ትምህርት ቤቱን ለእሱ ሲለቅ፣ ከሌላ ደሴት፣ ቀጥሎም ከሌላ አገር ደቀ መዛሙርት መምጣት ጀመሩ። የሚመጡት ለግማሿ እርምጃ ነው።

አባቴ ሊሞት ሲል፣ ይኸኛው የምሩ ነው፣ ጆሮዬን ወደ አፉ አስጠጋ።

«ሱት፣ ቀይ ጀልባ ላይ ሥራዬ ሻይ ማመላለስ ነበር። ዘንግ የነካሁት ጀልባዋ ጭቃ ውስጥ ስትቀረቀር ለመግፋት ብቻ ነው።»

«መጨረሻውስ?»

«መጨረሻው ጉልበቴ ነው። ከዚያ በላይ አልሄድ አለኝ።» ሳቀ፣ ሳቁ ወደ ሳል ዞረ። «መምህር ሃው እንዳይሰማ አደራ። ሽማግሌ ነው፣ ያፍርብኛል።»

አደራው አላስተኛኝም። አሁንም አፌ ነው፤ ምን ላድርገው? በዓመቱ መምህር ሃው ዘንድ ሄጄ ተንበረከክሁ። ዘጠና ዓመት አልፎታል፤ በረንዳው ላይ ፀሐይ ይሞቃል። ሁሉንም ነገርኩት። ጥርስ በሌለው አፉ እስኪበቃው ሳቀ።

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አጥንት ስጠግን የኖርኩ ሰው የታመመ ጉልበት ሳይ አላውቅም?»

«ታዲያ ለምን...»

«ኪት ሮጣ መጥታ ስለ ጨርቁ የነገረችኝ ያን ዕለት ጠዋት ነው። ምን ዓይነት ጉልበት እንደሆነ ያኔውኑ ገባኝ። ከዚያ ደግሞ አንቺ በዳሱ ሙሉ ሰው ፊት ጮህሽ። ባትጮሂ ኖሮ ያን ዕለት አባትሽ ከሦስት ጠረጴዛ ላይ ይወርዱ ነበር፤ በዚያ ጉልበት ከወረዱ አይነሱም። ባይሞቱ እንኳ አይራመዱም።» አፉን ጠረገ። «መጨረሻ የሌለው ዘንግ ነበረኝ፤ ቤት የሌለው ሰው አገኘሁ። ምጽዋት ነው ብላቸው እሺ ይሉ ነበር? አይሉም። ቢያውቁት ያፍሩ ነበር፣ ስለዚህ ዝም አልኩ።»

ሃያ ዓመት ሙሉ ሁለቱ ሽማግሌዎች አንዱ ሌላውን እንዳያሳፍር አፋቸውን ዘግተው በአንድ ጓሮ ኖረዋል። አፏን ያልዘጋች እኔ ብቻ ነኝ። ለካ አባቴን ያተረፈውም ያ አፌ ኖሯል። ድንጋዩ ከላዬ ሲወርድ ጊዜ ከሃዘንና ከሳቅ የቱን እንደማስቀድም ጠፋኝ።

ባለፈው ወር ለአባቴ መታሰቢያ ስድሳ ሰዎች መጡ። ከጓንጁ፣ ከማሌዢያ፣ ከፖላንድ ሁሉ። ዳሱ የነበረበት ሜዳ ላይ ተሰልፈው የረጅሙን ዘንግ ትምህርት አሳዩ። ወጉ፣ አዞሩ፣ አነሡ፤ ከዚያ ስድሳ ጤነኛ ሰዎች ስድሳ ቀኝ እግር እየሳቡ በአንድ ላይ አነከሱ። አባቴን ስድሳ ቦታ አየሁት።

ሲያበቃ ፖላንዳዊው እያነከሰ ወደ እኔ መጣ። ይኼኛው የምር ያነክሳል።

«መምህርት፣ ግማሿን እርምጃ አሥራ አንድ ዓመት ተለማመድኳት። አሁን ጉልበቴን ያመኛል። ትክክል እየሠራኋት ነው?»

«በጣም ትክክል» አልኩት።

አስቀመጥኩትና ተንበረከክሁ። ጥቁሩን መድኃኒት ለጠፍኩ፣ ነጩን ጨርቅ ከጭኑ ጀምሬ ጠመጠምኩ። ጥርሱን ነከሰ። ከዚያ ማስታወሻ ደብተሩን አወጣ።

«ምስጢሯ ምን እንደሆነ ይነግሩኛል? ለማንም አልናገርም።»

አፌን ከፈትኩ። ስድሳውም ዘንጋቸውን ይዘው ዝም ብለው ያዩኛል፤ የባሕሩ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ከኪሴ በጨው የደረቀ ፕሪም አወጣሁና አፌ ውስጥ ከተትኩ። ቀስ ብዬ መጠጥኩት።

«ጀልባው ጠባብ ነበር» አልኩት።

«አሃ!» አለና ጻፈው።